ወረፋ የያዘው ድንቡሼ

ታላቅ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ሰውን ከኋላው ካለው ነገር መለየት ነው። ፎቶ ቤት አላት፤ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ሰው ይገባል፣ ክቡ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል። እሷ «እንዳትስቅ» ትለዋለች። እንዳትስቅ የተባለ ሰው ደግሞ ያኔውኑ ሳቁ ይመጣበታል፤ ሳቁ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቀጭ። የቀረው ሥራ የኮምፒውተር ነው። መጋረጃውን ታጠፋና ነጭ ታደርገዋለች፣ ከጆሮ ጀርባ የወደቀውን ጥላ ትጠርጋለች፣ ከአገጭ ሥር ያለውን ታሳሳለች። የሙያዋ ሕግ አጭር ነው፤ ጆሮ ይታይ፣ ጥርስ አይታይ፣ ጥላ አይኑር። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን ይመልሰዋል። የተመለሰበት ሰው ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ላይ መጮህ ስለማይችል እሷ ላይ መጥቶ ይጮሃል።

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላት። የስሙ እውነተኛ ባለመብት እኔ ታናሿ ነኝ ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ግን በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እትዬ ሲሏት ምን ይደረጋል፤ ተውኩት።

በአካባቢያችን የእትዬ ሥራ ያልገባበት የኪስ ቦርሳ የለም። ችግሩ ገብቶ መቅረቱ ነው። «እኔ የሠራሁትን ፎቶ ደስ ብሎት የሚያይ ማነው? የበር ጥበቃ ብቻ። እሱም ግንባሩን ቋጥሮ» ትላለች። ይህን ስትል የምትቀልድ ይመስላል፤ እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ከአውራ ጣት ያልበለጠ ነገር ስትሠራ የኖረች ሴት አንድ ቀን ግድግዳ የሚሞላ ነገር መሥራት ያምራታል።

አምሯትም አልቀረ፣ ከኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ እያየች ፍጡር መሥራት ጀመረች። ፍጡር ስል በዓለም ላይ የሌለውን ማለቴ ነው። በማውስ እየጠፈጠፈች፣ ቀንድ እያወጣች፣ ጠጉር እያበቀለች። ከዚያ ራሷ ያነሳችው ፎቶ ውስጥ ታስገባዋለች። ዘንዶ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ። ክንፍ ያላት ድመት የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ። ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ እራቱን እየበላ ስክሪኑን ያይና «እኔ የምለው፣ ይኼ ዘንዶ አውቶቡስ ከሚጠብቅ ለምን አይበርም?» ይላል። «ክንፍ የለውም» ትለዋለች። «ክንፉንማ ለድመቷ ሰጠሽበት» ይላል እሱ።

ነገሩ በዚሁ በቤት ጨዋታ ይቀር ነበር፣ ጥርሷን ባያማት።

ሰፈራችን ውስጥ ለልጆች የጥርስ ሕክምና የምትሰጥ አንዲት ሐኪም ክሊኒክ ከፍታለች። ትልልቆችንም አትመልስም። ቀጭን ናት፣ ንግግሯም እንደሷ ቀጭን ነው። እትዬ መንጋጋዋን በእጇ ደግፋ ሄደች፣ ደነዘዘች፣ ተነቀለላት፤ ከዚያ ጥጥ ነክሳ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ እንድታርፍ ተነገራት። ተቀምጣ ዓይኗን ወዴት ታድርግ? ፊት ለፊቷ ትልቅ ባዶ ግድግዳ ነበር።

«ዶክተር» አለች፣ በደነዘዘ አፏ፣ «ይኼ ግድግዳ እርቃኑን ምን ያደርጋል?»

«ፖስተር አዝዣለሁ።»

«የምን?»

«የጥርስ። ቡርሽ ይዞ የሚስቅ ጥርስ።»

«ጥርስ ምን እጅ አለውና ቡርሽ ይይዛል?»

ሐኪሟ ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደችና አየቻት። እትዬ አፏ ስለደነዘዘ ይሁን ወይም ሕመሙ ስለለቀቃት እንጃ፣ ያሰበችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ይኼንኑ ክፍል፣ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ወንበሮቹን፣ የመጽሔት ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን ሁሉ እንዳሉ ታነሳለች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ አንድ ትልቅ፣ ጠጉራም፣ ጉንጩ ያበጠና በሻርፕ የታሰረ ፍጡር ታስቀምጣለች። ወረፋውን ይጠብቃል። ፈርቶ የሚገባ ልጅ ቀና ሲል እሱን ያያል፤ ያን የሚያህለው ታሞ እየጠበቀ ነው፣ እኔማ ምን አለብኝ ይላል።

«ልጅ አይሸወድም» አለች ሐኪሟ። «መርፌውን ከጀርባዬ ስደብቀው እንኳ ያውቁብኛል።»

«አልሸውዳቸውም። አስቀምጠዋለሁ እንጂ።»

ሐኪሟ ግድግዳውን አየች፣ እትዬን አየች። «እሺ። ግን አንድ ልጅ እንኳ ተለጥፏል ካለ ጥርሱን እሰቅላለሁ።»

እህቴ ከዚያ ስትወጣ ጮቤ አትረግጥም እንጂ ረገጠች ማለት ይቻላል። ጥጡን ነክሳ፣ ጉንጯ አብጦ፣ እኔ ቤት ድረስ መጥታ «ግድግዳ አገኘሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቦታ የተመራች መስሎኝ እልል ልል ነበር።

ፍጡሩን ለመሥራት አልተቸገረችም። ሐመልማል አረንጓዴ ጠጉር፣ እንደ ዱባ የሞላ ሆድ፣ ጣት የምታካክል ቀንድ፣ ሊያለቅስ የደረሰ ዓይን። ጋሼ ገና እንዳየው «ድንቡሼ» አለው፤ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። ክፍሉን አነሳች፣ ድንቡሼን ከወንበሩ ላይ አደረገችው፣ በትልቅ ወረቀት አትማ ሐሙስ ዕለት ይዛ ሄደች።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችለት። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የድንቡሼን ጠርዝ በጥፍሩ ሊልጠው ሞከረ።

ተለጥፏል እንኳ አላለም። ዝም ብሎ ሊልጠው ነው የሞከረው።

ሐኪሟ ክፉ ሰው አይደለችም። ወረቀቱን ጠቅልላ መለሰችላትና «ጥርሱ መጥቷል፤ ሰኞ ነው የምሰቅለው። እስከ ሰኞ ወንበሩ ላይ ካስቀመጥሽው እሰየው» አለቻት። የጥርሱ ፖስተር እውነትም ከበሩ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተራውን እንደሚያውቅ ሰው ኮራ ብሎ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ እኔ እነሱ ቤት ደረስኩ። እትዬ ኮምፒውተሩ ፊት አገጯን ደግፋ ተቀምጣለች። «ነይ እስቲ፣ እይው። እውነቱን ንገሪኝ፤ ውሸቱን ከባለቤቴ ሰምቻለሁ» አለች።

አየሁት። ወንበሩ ወንበር ነው፣ ድንቡሼም ድንቡሼ ነው፤ ግን ሁለቱ የተዋወቁ አይመስሉም።

«ይኼ ሰውዬ» አልኳት፣ «ፓስፖርት ሊያወጣ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ጋሼ የሚጠጣው ውሃ ትን አለው። እትዬ ግን አልሳቀችም። ስክሪኑን ጠጋ ብላ ማየት ጀመረች። እውነቴን እኮ ነው፤ ሁለቱም ጆሮው ቆሟል፣ አፉ ተከድኗል፣ ፊት ለፊት ተገትሮ ያያል፣ ብርሃኑም ከግራ ከቀኝ እኩል ይወርድበታል። ጀርባው ነጭ ቢሆን ማኅተም ብቻ ነው የሚቀረው።

ቅር አላት። ግን ኩርፊያዋ ረጅም አይደለም፤ ወዲያው አንገቱን አዞረችው፣ አንዱን ጆሮ ሻርፑ ሥር ወተፈችው፣ ትከሻውን ጎበጥ አደረገችው። አሁን የታመመ መሰለ። ቢሆንም ከወንበሩ በላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ ንፋስ ቢመጣ ይዞት የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«ጥላ የለውም» አልኳት።

«አድርጌለታለሁ።»

«የታለ?»

«አሁን፣ አሁን እኮ አደረግኩለት።» ስክሪኑን ነካችው፣ ጥላ የአቧራ ዓይነት ነገር የሆነ ይመስል። «ትናንትም አድርጌለት ነበር። የት ይሄዳል?»

ጋሼ የቤቱ የመብራት ሊቅ ስለሆነ ተነስቶ ሶኬቱን መረመረ። «ኃይሉ ሲዋዥቅ ጥላ ያተናል መሰለኝ» አለ። ማንም አልሳቀለትም። እሱም ተመልሶ ከኋላዋ ቆመና ስትሠራ ማየት ጀመረ። ጥላውን ከአገጩ ሥር አደረገች፤ ከጆሮው ጀርባ አደረገች፤ ከእግሩ ሥር አደረገች። ወደ ኋላ ዘንበል ብላ አየችው። ደህና ነው። ልታስቀምጠው ስትል እጇ እግረ መንገዷን ወዲያ ወዲህ አለች።

«አሁን ምን ጠረግሽ?» አላት።

«ምን ጠረግኩ?»

«ከአገጩ ሥር።»

«አልጠረግኩም።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ የጠረግኩት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አልጠረግኩም አልኩህ እኮ።»

የኮምፒውተር ደጉ ነገር ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። አንድ በአንድ እያስመለሰች አየችው። አደረገች፣ ጠረገች። አደረገች፣ ጠረገች። ሐሙስ ወደ ክሊኒኩ የወሰደችውም ላይ ያው ነበር፤ ጥላው ሁሉ ገብቶ ነበር፣ መጨረሻ ላይ አንድም አልቀረም። በሺህ የሚቆጠር ሰው አገጭ የጠረገች እጅ የድንቡሼን ዝለይ ብሎ የነገራት የለም። እትዬ ማውሱን ለቀቀችና ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻት፤ ጉድ ይዛ ቤት የገባች የዘመድ ልጅ ይመስል።

«ሳገባሽ የጥላ ሌባ መሆንሽን የነገረኝ የለም» አላት ጋሼ።

አሁን ሳቀች። እኔም ሳቄን ለቀቅኩት። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ሌላ ነገር ገባት። ጥላን ስታጠፋው ኖረች እንጂ አይታው አታውቅም። የት እንደሚወድቅ በግምት ነው ያደረገችው። «ሄጄ ላየው ይገባኛል» አለች። «ማን ላይ?» አላት ጋሼ። እሷ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ በተለይ ሆዱ አካባቢ፣ አተኩራ አየችው።

እሑድ ሐኪሟ ዕቃዋን ለማጽዳት ትገባ ነበርና በሩን ከፈተችልን። ጋሼን ጥጉ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ወፍራም ብርድ ልብስ አለበስነው፣ ሆዱ ላይ ትራስ አሰርንለት፣ ጉንጩን በእኔ ሻርፕ ጠቀለልነው። እትዬ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጫማውን ማየት ጀመረች። በጣም ብዙ አየችው። ሴት የባሏን ጫማ እንዲህ አድርጋ ስታይ ያየ ሰው አንድ ነገር ጠፍቷል ብሎ ያስባል።

«ነይ እይ» አለችኝ። «ሶሉ ወለሉን የሚነካበት ቦታ ላይ ክር የምታህል ጥቁር መስመር አለች። ከጥላው ሁሉ እሷ ናት የጠቆረችው። ለካ ይቺ ከሌለች ማንም መሬት አልረገጠም።»

ተንበርክኬ አየሁ። አለች። ይኼን ያህል ዓመት ስራመድ ይቺን መስመር አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። ወንበሩ ብርቱካናማ ስለሆነ ቀለሙ ብርድ ልብሱ ላይ ይረጫል፤ እንግዲያው የድንቡሼ አረንጓዴ ጠጉርም ጠርዙ ላይ ትንሽ ብርቱካን ማለት አለበት። ወለሉ የተወለወለ ስለሆነ ጫማው ተገልብጦ፣ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ጋሼ ሲደገፍ የፕላስቲኩ ጀርባ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ የብርድ ልብሱም ጠጉር እዚያ ቦታ ላይ ይተኛል። የመጽሔቱ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ጉልበቱን ይከልለዋል። ይኼኛው ላይ እትዬ እጇን አጨበጨበች። እስካሁን ድንቡሼን ከሁሉም ፊት ነበር ያደረገችው፣ እንደ ተከበረ እንግዳ፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሁሌም አንድ ነገር ይከልለዋል።

ሐኪሟ የታጠቡ መቆንጠጫዎች በትሪ ይዛ ስታልፍ ጋሼን አየችውና ቆመች። ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ የታሰረ ጉንጭ።

«እርስዎን ምን ልርዳዎት?»

«እኔ እንኳ ሞዴል ነኝ» አላት፣ ሳይንቀሳቀስ።

«እዚህ ከመጡ ጥርስዎን ልየው?»

«የለም የለም፣ ሞዴልነቱ ይበቃኛል» አለና አፉን ገጠመ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አልከፈተውም፤ እትዬ «አፍ የምታዘጋ ሐኪም ማለት ይቺ ናት» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ተጀመረ። እኔም ሥራ ተሰጠኝ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እጇ ወደ አገጩ ስታመራ «እጅሽ» ማለት። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። «እጅሽ»፣ «አወቅኩ»፣ «እጅሽ እትዬ»፣ «አልነካሁም እኮ»፣ «ልትነኪ ነበር»። መሐል ላይ እኔ ዳቦ ልቁረስ ብዬ ዞር ስል አንድ ጆሮ አጸዳችብኝ።

ግን ወንበሩ ተለመጠ። ጥቁሯ መስመር ከእግሩ ሥር ገባች። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ኋላ ሄደ። ድንቡሼ ከበደ፤ በዓይኔ እያየሁት ኪሎ ጨመረ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ክፍሉ የተነሳበት ፎቶ ትንሽ ሻከር ብዥ ያለ ነው፣ እሱ ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ የወጣ ነው። እትዬ ይኼንን ስታይ ተከዘች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ያንኑ ሻካራነት እሱም ላይ ነሰነሰችበት፣ ጠርዙንም አደበዘዘችው። ጉርድ ፎቶ ላይ ብታደርገው ኖሮ ሰው በሯን ይሰብር ነበር።

«እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለች፤ ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባነር የሚያትመው ሰውዬ ገና በሩን ሳይከፍት ደጁ ቆመን ነበር። ጋሼ መሰላሉን አምጥቶ ሰቀለው። ፎቶው ግድግዳውን ሞላው፤ እውነተኛው የጥግ ወንበር ደግሞ ባዶውን ከሥሩ አለ። ሐኪሟ ክንዷን አጣምራ አየችው። የጥርሱ ፖስተር ከበሩ ኋላ ነበር። እትዬ እኔን ክንዴን ያዘችኝ።

መጀመሪያ የገባችው ጉንጯ ትንሽ ያበጠ ልጅ ነበረች፣ ከአባቷ ጋር። አባትየው የመጀመሪያውን ወንበር ያዘ፤ መሐል ያሉትን እግር በእግር ተከትለዋቸው የገቡ ሁለት እናቶች ያዟቸው። የቀረው የጥጉ ብቻ ነው።

«ሂጂ ቁጭ በይ» አላት አባቷ።

ልጅቷ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ግድግዳውን አየች። ወንበሩን አየች። እህቴም እኔም የልጅቷን ጥፍር ነው የምናየው። ልጅቷ እጇን አልዘረጋችም። ተመልሳ አባቷ ጉልበት አጠገብ ቆመች።

«ምነው?»

«ተይዟል» አለች በሹክሹክታ፣ ባለቤቱ እንዳይሰማ።

«ማን ያዘው? ባዶ እኮ ነው።»

«አባዬ፣ እሱ ነው እኮ የያዘው። አሞታል።»

ሁለቱ እናቶች ቀና ብለው አዩ። አንደኛዋ ቦርሳዋን ከጥጉ ወንበር ጎን ሳብ አደረገች፣ ለሰው ቦታ እንደሚለቀቅ። ሐኪሟ ይኼን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አየች። ወደ ውስጥ ገባችና የራሷን ክብ በርጩማ እየገፋች አመጣች፤ ለልጅቷ አስቀመጠችላት። ከዚያ ከበሩ ኋላ የቆመውን ጥቅል ብድግ አድርጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ይዛው ሄደች። ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች።

«ማነው ባለተራ?» አለች።

ልጅቷ በርጩማው ላይ እግሯን እያወዛወዘች ወደ ጥጉ ጠቆመች። «እሱ ቀድሞኛል።»

ሐኪሟ ዞር ብላ ድንቡሼን አየችው፣ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ እውነተኛ በሽተኛ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለልጅቷ በጆሮዋ «እሱ መርፌ ይፈራል። አንቺ ቅደሚለትና አይቶ ይልመድ» አለቻት።

ልጅቷ አሰበችበት። ወረደች። ስታልፍ ባዶውን ወንበር በጎን አየችና «አይዞህ» ብላው ገባች።

አባቷ የልጅቷን ቦርሳ በርጩማው ላይ ሊያስቀምጥ ብድግ ሲል አንድ ወንበር የተለቀቀ መሰለኝና እትዬን እረፍት ላስደርጋት ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። የለም፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሁሉም ተይዟል። የጥጉ ብቻ ነው ክፍት የነበረው።

«ቁጭ በይ እንጂ» አልኳት።

እህቴ ወንበሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ሻርፗን አስተካከለች።

«ልቁም ግድ የለም» አለች።